በእኛ ስም ዛፍ አይቆረጥ

ይድረስ የከተማችንን የመንገድ፣ የትራንስፖርትና የአረንጓዴ ልማት ሥራ ለምትመሩ ኃላፊዎች፤
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለብስክሌትና ለእግረኛ መንገድ ሲባል ሊቆረጡ ስለተዘጋጁ ዛፎችና ስለ ሌሎች ቅሬታዎቻችን

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልን።

እኛ በብስክሌትና በእግር ወደ ሥራ የምንመላለስ ነዋሪዎች ነን። ሠላሳ ያህል እንሆናለን። መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች አሉ። ማኅበር አይደለንም፤ ማኅተምም የለንም። ያለን የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት የት መንገድ ተቆፍሯል፣ የት ጎማ ይነፋል እንባባላለን።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ማለዳ፣ በዘወትር መንገዳችን ላይ አሥራ አንድ ዛፎች ቀይ ቀለም ተቀብተው አገኘን። በዚህ ከተማ ግንብ ላይም ሆነ ግንድ ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ቆመን አንዱን የሥራ ተቆጣጣሪ ጠየቅነው። ትሑት ሰው ነው፤ አልተቆጣም። «ለእናንተው ብለን እኮ ነው» አለን። «የሳይክል መንገድ ሊወጣበት ነው።»

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ይቺ መልስ ናት።

እንዳትሳሳቱብን፤ የብስክሌት መንገድ አይሠራ እያልን አይደለም። ለዓመታት ስንለምነው የኖርነው ነገር ነው። ከሚኒባስ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋን ያደግን ሰዎች ነን። ግን ሥራው የሚሠራው ለአየሩ፣ ለአካባቢው፣ ለጤናችን ነው ከተባለ፣ እንግዲያው በዚያው መስፈሪያ እንስፈረው።

ከዛፎቹ እንጀምር። ስምንቱ ግራቪሊያ ናቸው፣ ሁለቱ ጃካራንዳ፣ አንዱ ደግሞ የቆየ ዝግባ። ዝግባውን ማን እንደተከለው የሰፈሩ ሽማግሌዎችም አያውቁትም። ከሥሩ ሊስትሮ አለ። በክረምት በቆሎ የምትጠብስ እናት አለች። ታክሲ ጠባቂውም ቢሆን ምልክቱ ያለበትን ትቶ ዝግባው ጋ ነው የሚሰለፈው። ወደው አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯ ቀዝቃዛ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ጥላ ውስጥ ላለ ሰው። ፀሐይ ላይ ለቆመ ግን ሌላ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጨረሩ ይበረታል። የካቲትና መጋቢት ላይ በቀትር ሁለት ኪሎ ሜትር ያለ ጥላ የሄደ ሰው በማግስቱ ታክሲ ይይዛል።

ይህን የምለው ከራሴ ግምት ብቻ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ በአንድ ወገን ዛፎቹ አሉበት። በማዶ በኩል ደግሞ ባለፈው ዓመት የተነጠፈ ሰፊና ንጹሕ የእግረኛ መንገድ አለ። ዛፍ የለውም። «ሰው የሚሄደው በየትኛው ወገን ነው? ቁጠሩ» አልኳቸው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ተቀመጡ። ብዙም መቁጠር አላስፈለጋቸውም። ዛፍ ባለበት በኩል ሰው ይተራመሳል፤ በተሰባበረው ንጣፍ ላይ እየተደነቃቀፈ ይሄዳል። ባማረው በኩል አንድ የጥበቃ ሠራተኛና ፎቶ የሚነሱ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ መንገዱ ለፎቶ ነው እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋን ለእናንተ አስተላልፌዋለሁ።

በምትካቸው ችግኝ ይተከላል ተብለናል። ችግኝ መልካም ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ያልተከለ የለም፤ እኔም በየክረምቱ ጉድጓድ ቆፍሬአለሁ። ግን ዛሬ የተተከለ ዝግባ ጥላ የሚሰጠው እኔ ጡረታ ስወጣ ነው። ዘንባባስ? ዘንባባ ለዓይን ያምራል። ጥላው ግን የመብራት ምሰሶ ጥላ ያህል ነው። ሳሩም ቢሆን በበጋ በየቀኑ ውሃ ይጠጣል፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ቧንቧ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ዝግባው ማንም ውሃ ሳያጠጣው ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖረው።

ለመሆኑ የብስክሌት መስመር ዛፍ ጋ ሲደርስ ጠመዝመዝ ቢል ምን ይሆናል? ብስክሌት እኮ እንደ ባቡር ሐዲድ አይጠይቅም። እጀታውን ትንሽ ማዞር ነው። የመኪናው መንገድ በግማሽ ሜትር ቢጠብም አስፋልቱ አያለቅስም።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ከበድ ይላል፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡን።

መኪና በሞላባቸው የውጭ ከተሞች የብስክሌት መንገድ ሲሠራ ዓላማው ሰውን ከመኪና ማውረድ ነው። ጥቅሙም ግልጽ ነው፦ አንድ ሰው ከመኪና በወረደ ቁጥር ጭሱ ይቀንሳል። የእኛ ነገር ግን ሌላ ነው። በዚህ ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ይህን ከተማው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 ብሎ ባወጣው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ያውቀዋል። ሕዝቡ ከመኪና እስኪወርድ አንጠብቅም፤ መጀመሪያም አልተሳፈረም። እንግዲህ ትልቁ ሥራ በእግሩ የሚሄደውን በእግሩ ማቆየት ነው ማለት ነው። በእግሩ የሚቆየው ደግሞ ሥራው፣ ገበያውና ትምህርት ቤቱ ቅርቡ ሲሆን ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

በትምህርት ቤታችን በጽዳት የምትሠራ አንዲት እህት አለች። ካዛንቺስ ነበር የምትኖረው። ሥራ የምትመጣው በእግሯ ነበር፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። አንዳንዴ ልጇን በመንገዷ ትምህርት ቤት ታደርሰዋለች። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ወደ ከተማው ዳር ሄደች። አዲሱ ቤት ከቀድሞው ይሻላል፤ እሷም አትደብቅም። የራሷ ሽንት ቤት አላት፣ ጣሪያው አያፈስም። ግን አሁን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትነሳለች። መጀመሪያ አውቶቡስ፣ ቀጥሎ ታክሲ፣ ቀጥሎ ሌላ ታክሲ። ደሞዟ ላይ የትራንስፖርቱ ወጪ ምን እንዳደረገ እዚህ አልጽፍም፤ የሷ ጉዳይ ነው። አንድ ቀን ግን እንዲህ አለችኝ፦ «በድሮ ሰፈሬ በኩል ሳልፍ አዲሱን የእግር መንገድ በታክሲ መስኮት አየዋለሁ። ያምራል። ስሄድበት የነበርኩት ግን ጭቃ እያለ ነው።»

እስቲ የጭሱን ሒሳብ እንሥራው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ናፍጣ ከዚያም ይበልጣል። ይህቺ ሴት ድሮ በቀን የምታወጣው ጭስ ዜሮ ነበር። አሁን በቀን ስድስት ጊዜ ተሽከርካሪ ትሳፈራለች። ልማቱ ለአካባቢ ያመጣው ጥቅም ሲሰላ የእሷ ታክሲ በየትኛው ዓምድ ተጻፈ? እሷ ብቻ አይደለችም። ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ዙሪያ የተነሳው ሰው ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ እድሩም በእግር ነበር። እድሩ ዛሬም አልፈረሰም። ለቀብር ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ይዞ ይመጣል እንጂ።

የተሠራው ተሠርቷል፤ ወደ ኋላ መልሱልን አንልም። ግን ሰውን የምታሰፍሩበት ቦታ ላይ መጀመሪያ የእግርና የብስክሌት መንገድ ይሠራ። ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ወጥቶ ዋናው መንገድ እስኪደርስ በአስፋልቱ ጠርዝ፣ በሲኖትራክ ጎን የሚሄደውን ተማሪ ሄዳችሁ እዩት። ብስክሌቱ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ቦሌ ላይ ብስክሌት የሚነዳው ሰው እሑድ ለስፖርት ነው። ደስ ይላል፣ ይንዳ። ሰኞ ግን መኪናው ውስጥ ነው።

ሦስተኛው የመስመሩ መቋረጥ ነው። የብስክሌት መስመሩ በቀለም ተለይቶ፣ ተስተካክሎ ይመጣና አደባባይ ጋ ሲደርስ ጥፍት ይላል። ብስክሌት ነጂው እዚያ ሲደርስ ክንፍ የሚያወጣ ይመስል። አደባባዩን ካለፉ በኋላ እንደገና ይጀምራል። ሰው የሚገጨው ደግሞ አደባባይ ላይ ነው። ከመካከላችን ነርሷ ባለፈው ጥቅምት መስመሩ ባለቀበት ቦታ ሚኒባስ ገጭቷት ክንዷ ተሰብሯል። አሁን ድናለች። ብስክሌቷን ግን ሸጠችው።

መስመሩ ሳይቋረጥም ነፃ አይደለም። የሱቅ ዕቃ ይደረደርበታል፣ መኪና ይቆምበታል። ሲጠየቁ «አንዴ ነው፣ አሁን እነሳለሁ» ነው መልሱ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲወሰን ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። እውነትም ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም። የብስክሌት መስመር ላይ ሲቆም ግን ከናፍጣው አይለይም።

ስለ መሻገሪያም አንድ ነገር እንበል። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ ለአየሩ መልካም ነው። አጥሩ ግን ሰፈርን ከሰፈር ለየ። ፊት ለፊት የሚታይ ዳቦ ቤት ለመድረስ ዞሮ መምጣት ግድ ሆነ። ቀለበት መንገዱማ ከዚያ በፊት ጀምሮ እንዲሁ ነው። ጉልበቷ የሚያማት እናት የብረት ድልድይ ደረጃ ትወጣለች ብሎ የነደፈው ሰው እናት የለውም? አዳዲሶቹ መስመሮች ላይ ይህ እንዳይደገም ነው ልመናችን። መሻገሪያው መሬት ላይ ይሁን፣ ቅርብ ቅርብ ይሁን፣ መኪናው ይቁም።

ከዚያ መቆፈር አለ። በእኛ መስመር አንዱ ቁራጭ ንጣፍ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስቷል። አንዴ ለውሃ፣ አንዴ ለኬብል፣ ሦስተኛውን ለምን እንደሆነ የሚቆፍሩት ልጆችም አላወቁትም። በየጊዜው አዲስ ንጣፍ፣ አዲስ ሲሚንቶ፣ አዲስ አሸዋ ይመጣል። አሮጌው በገልባጭ ተጭኖ ይሄዳል፤ የት እንደሚደፋ እንጃ። አንድ ቶን ሲሚንቶ ተመርቶ እስኪያልቅ ከግማሽ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። እንግዲህ ሦስት ጊዜ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ ያወጣውን ጭስ ለማካካስ ስንት ሰው ስንት ዓመት ይራመድ? ቀልድ አይደለም። የሚሰላ ነገር ነው።

ውሃውስ? አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ድሮ ግቢው፣ አፈሩ፣ የዛፉ ሥር ይጠጣው ነበር። ኮብልስቶን እንኳን በድንጋዮቹ መካከል ያሰርጋል። አዲሱ ንጣፍ ግን በሲሚንቶ የታሸገ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ቱቦ ይሮጣል፤ ቱቦው ሞልቶ ይገነፍላል፤ ከዚያ ወደ ቀበና፣ ወደ አቃቂ፣ መጨረሻው አባ ሳሙኤል ነው። ታች ያሉት የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ላይ ያለ የሌለውን ይዞ ይወርዳል። ላይ ያለነው ደግሞ በሚያንሸራትት ንጣፍ ላይ እንወድቃለን። ባለፈው ነሐሴ የወደቅኩበትን ጎኔን እስካሁን ዝናብ ሲመጣ አውቀዋለሁ።

ይሄኛው አጭር ነው። በብስክሌት ተነስተን የትም ብንደርስ ማቆሚያ የለም። ባለፈው ወር አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄድኩ። ጥበቃው «ሳይክል አይገባም» አለኝ። «የት ላቁመው?» «እኔ ምን አውቃለሁ፣ መንገድ ላይ።» ሰንሰለት የማስርበት ብረት እንኳን የለም። በዚያች ደቂቃ ሁለት ትልልቅ መኪኖች ሰላምታ ተሰጥቷቸው ገቡ። ጉዳዬን ሳልፈጽም ተመለስኩ። በማግስቱ በታክሲ ሄድኩ፤ ጥበቃው ራሱ ሰላም አለኝ።

የመጨረሻው ቅሬታ ነገሩ ሁሉ የማይለካ መሆኑ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሠራ በየዜናው እንሰማለን። ስንት ዛፍ ተቆረጠ? ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ? በእያንዳንዱ መስመር በቀን ስንት ብስክሌት ያልፋል? አየሩስ ተሻለ? ለአየሩ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ልክ አለ። ፒ.ኤም. 2.5 የሚባለው ሳንባ ውስጥ የሚገባ ስስ ብናኝ በዓመት አማካይ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ከ5 ማይክሮ ግራም ባይበልጥ ይላል። የእኛ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ነው። ለዓመታት ተማሪዎቼን የማሳያቸው በአሜሪካ ኤምባሲ ካለው መለኪያ የሚወጣውን ቁጥር ነበር። ያ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ አሜሪካ በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቿ የምታወጣውን መረጃ ስታቆም፣ አብሮ ቆመ። የገዛ አየራችንን ለማወቅ የሰው ኤምባሲ ደጅ ስናይ መክረማችን ራሱ ያሳፍራል። አሁን እሱም የለም። ተማሪዎቼ ዘንድሮ ሲጠይቁኝ «አሽትቱት» ነው የምላቸው።

የምንጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው።

አሥራ አንዱ ዛፎች አይቆረጡ። የብስክሌት መስመሩ ዞሯቸው ይሂድ፤ ቦታ ከጠበበ ከመኪናው ይቀነስ። ከአሁን በኋላም ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ሲባል ዛፍ መቆረጥ ካለበት ከሠላሳ ቀን በፊት በዚያው ዛፍ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፍ፣ ሰፈሩም ይጠየቅ። በፋንታው የሚተከለው ደግሞ ዘንባባ ሳይሆን ጥላ ያለው የአገር ዛፍ ይሁን። ዝግባ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ።

መጪው በጀት መሃል ከተማውን ደግሞ ከማስዋብ ይልቅ ሰው ወደ ሰፈረባቸው ዳር ሰፈሮች ይሂድ። ከቤት እስከ አውቶቡስ ፌርማታ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ይቅደም።

የብስክሌት መስመሩ በአደባባዮች ላይ ሳይቋረጥ ይለፍ። መኪና እንዳይቆምበት በቀለም ፋንታ ድንጋይ ይደረግበት፤ ቀለም ማንም አይፈራም።

ከማንጠፍ በፊት ውሃ፣ መብራትና ቴሌ ተነጋግረው ሁሉም ሥራውን ይጨርስ። ንጣፉም ውሃ የሚያሰርግ ይሁን።

በእያንዳንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ ቢያንስ ብስክሌት የሚታሰርበት አንድ ብረት ይተከል። ይህ ኮሚቴ የሚያስፈልገው አይመስለንም፤ አንድ በያጅ ይበቃል።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ የጎዳና ቀን እንደ ጅማሬው በቋሚነት ይካሄድ። ዋና ጎዳና ለአንድ እሑድ ጠዋት ከመኪና ነፃ ሲሆን ልጆች ምን እንደሚሆኑ ያየ ሰው አይረሳውም።

በመጨረሻም ቁጥሩን አውጡልን። የተቆረጠ፣ የተተከለ፣ የጸደቀ፣ የተቆጠረ ብስክሌት፣ የተለካ አየር። በዓመት አንዴ፣ በአማርኛ፣ ሁሉም ሊያነበው በሚችል ቦታ። ለቆጠራው ሰው ከጠፋ የእኔ ተማሪዎች ዝግጁ ናቸው፤ ወረቀትና እስክሪብቶም አላቸው።

ቢቻል ከእናንተ አንድ ሰው መጥቶ ከእኛ ጋር ይሂድ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ዝግባው ሥር እንገናኛለን። ትርፍ ብስክሌት እናዘጋጃለን፤ ጎማውን እኛ እንነፋለን።

ከአክብሮት ጋር፤

በብስክሌትና በእግር ወደ ሥራ በሚመላለሱ ነዋሪዎች ስም፣
የግሩፑ ጸሐፊ፣ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር
አዲስ አበባ